ነፋሱን ማን ቀረጸው? የተማሪ ፊልምና የባለሙያ ሲኒማ በኃይሌ ገሪማ ሁለት ሥራዎች

በሙሉ ወይም በከፊል በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተቀረጹ፣ ዳይሬክተራቸው አንድ ሰው የሆነ፣ በመካከላቸው ግን የ32 ዓመት ርቀት ያለ ሁለት ፊልሞች አሉ። አንደኛው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይባላል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ የነበሩት ኃይሌ ገሪማ በ1974 አገራቸው መጥተው በሁለት ሳምንት ገደማ የቀረጹት፣ በ1976 ለዕይታ የበቃ ጥቁርና ነጭ ሥራ ነው። ሁለተኛው «ጤዛ» ነው። በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ድርሰት ሽልማትን አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት ወሰደ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተማሪ ፊልም ከባለሙያ ፊልም በምን ይለያል ለሚል ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ የተሻለ መመርመሪያ ማግኘት ያስቸግራል። እንዲህ ያለው ንጽጽር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የአንዱን ሰው ተሰጥኦ ከሌላው ሰው ገንዘብ ጋር ስለሚያወዳድር ነው። እዚህ ግን ዓይኑም ጆሮውም የአንድ ሰው ነው፤ የተለወጠው ዕድሜው፣ ኪሱና መሣሪያው ነው።

ኃይሌ የተወለዱት በ1946 ጎንደር ውስጥ ነው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ የጎንደር አርበኞችን ተጋድሎ «ጎንደሬ በጋሻው» በሚል መጽሐፍ ያስቀሩ ጸሐፊ፣ ቴአትርም እየደረሱ ለሕዝብ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው መምህርት። ቤት ውስጥ ተረትና ቴአትር ነበር፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ የውጭ ፊልም። ኃይሌ በኋላ እንደተናገሩት፣ በልጅነታቸው የታርዛን ፊልም ሲያዩ እሳቸውም ጓደኞቻቸውም ወገንተኝነታቸው ለታርዛን ነበር፤ አፍሪካውያኑ ከኋላው አድብተው ሲቀርቡት ልጆቹ እንዲጠነቀቅ ይጮሁለት ነበር።

ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ ማለፍ ይቻላል፤ የዛሬው ጉዳይ ግን እዚያው ውስጥ ነው ያለው። ካሜራው ከማን ጀርባ እንደሚቆም፣ ሙዚቃው መቼ እንደሚያስፈራ፣ የማን ፊት ቀርቦ የማን ፊት ርቆ እንደሚታይ የሚወስን ሰው ለተመልካቹ ወገን ይመርጥለታል። የታርዛን ፊልሞች በሙያ ረገድ እንከን የሚወጣላቸው አልነበሩም። የጎንደርን ልጆች በገዛ ወገኖቻቸው ላይ ያስጮኸው ጉድለታቸው ሳይሆን ሙያቸው ነው። እንግዲህ «ባለሙያ» የሚለው ቃል ራሱ ገና ከመነሻው ጥርጣሬ ገብቶበታል ማለት ነው።

ወጣቱ ኃይሌ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ቺካጎ ሄደው በጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ተዋናይነት ተማሩ። በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገሩ። በዚያ ዘመን በዩኒቨርሲቲው የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች፣ ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ላሪ ክላርክና ሌሎችም፣ ዛሬ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች «የኤል ኤ አመጽ» የሚሉትን እንቅስቃሴ የፈጠሩ ናቸው። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ላይ እያሉ፣ እነሱ ግን የሚያዩት የኩባን፣ የብራዚልንና የሴኔጋልን ፊልም ነበር። ኩባዊው ፊልም ሠሪ ሁሊዮ ጋርሲያ ኤስፒኖሳ በ1969 ባወጣው ጽሑፍ በቴክኒክ የተዋጣለት ሲኒማ ሁሉ መልካም አለመሆኑን ተከራክሮ ስለነበር፣ ድሃ ተማሪዎች የያዙትን አሮጌ ካሜራ እንደ ውርደት ማየት ትተው ነበር። የሦስተኛው ዓለም ሲኒማ ምሁር ኢትዮጵያዊው ተሾመ ገብርኤልም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነበሩ፤ ይህን ሐሳብ በ1982 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው አብራርተውታል።

ትምህርት ቤቱ አንድ ልማድ ነበረው። እያንዳንዱ አዲስ ገቢ «ፕሮጀክት አንድ» የሚባል አጭር ፊልም ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ ይቆርጥና ይቀጥላል። ብዙዎቹ የተቀረጹት በሱፐር 8 ነው። ከምስሉ ጋር የተጣጣመ ድምፅ የላቸውም፤ የተዋናይ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ቃሉ አብሮ አይወጣም። ተማሪው ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው። አንዱ ሙዚቃ ለጥፎ መገላገል ነው። ሌላው ድምፁን ለብቻው፣ ከምስሉ የተለየ ሌላ ታሪክ አድርጎ መገንባት ነው። ኃይሌ ሁለተኛውን መረጡ። የነጭ ተመልካች መዝናኛ መሆኑ የከነከነውን ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በሚያሳየው የመጀመሪያ ሥራቸው ውስጥም፣ ከጥቁር አሜሪካዊቷ የመብት ታጋይ ከአንጄላ ዴቪስ እስር ተነሥተው በሠሩት «የተቃውሞ ልጅ» ውስጥም ድምፅ ለምስል አሽከር አይደለም። ምስሉ እስር ቤቱን ያሳያል፤ ድምፁ የታሳሪዋን ሐሳብ ይናገራል። የመሣሪያ ችግር የጀመረው ነገር ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ስልት ሆኖ ቀረ።

ለማዕረግ ማሟያ የሠሩት «ቡሽ ማማ» ላይ ይህ ይበልጥ ይጎላል። ታሪኩ የሎስ አንጀለሷ ዋትስ ሠፈር ነዋሪ የዶሮቲ ነው። የመንግሥት ድጎማ ቢሮ ጥያቄዎች እየተደጋገሙ፣ እርስ በርስ እየተደራረቡ የሴትዮዋን ጆሮ ይደበድባሉ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚታየው የፖሊስ ፍተሻ ደግሞ የተተወነ አይደለም፤ ፖሊሶች የፊልሙን ቡድን አባላት አስቁመው ሲፈትሹ የተቀረጸ እውነተኛ ድርጊት ነው። ባለሙያ አዘጋጅ ያን ቀን ቀረጻው ተበላሸ ብሎ ይመዘግብ ነበር። ተማሪው ግን የፊልሙ መክፈቻ አደረገው።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የመጣው በዚህ ልምድ ላይ ነው። በአንድ ባለርስት መሬት ላይ የሚኖር የጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ያርሳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ያገለግላሉ፣ ያዝናሉ። ከእነሱ ጎን ከበበ የሚባል፣ መሬቱን የተቀማ፣ እንደ እብድ የሚቆጠር ሰው አለ፤ እውነቱን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፣ በመጨረሻም ባለርስቱን በዱላ ይገድለዋል። ተዋናዮቹ ሙያተኞች አይደሉም። የቀረጻው ጊዜም ልዩ ነበር፤ አሮጌው ሥርዓት እየወደቀ፣ አዲሱ ገና መልኩ ሳይለይ።

በምስል እንጀምር። ፊልሙ የተቀረጸው በ16 ሚሊ ሜትር ነው። የዚህ ፊልም ጥብጣብ አንድ ክፈፍ ስፋቱ ሲኒማ ቤቶች ከለመዱት ከ35 ሚሊ ሜትሩ ከአራት እጥፍ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ትልቅ መጋረጃ ላይ ሲወጣ የፊልሙ ቅንጣት እንደ ዱቄት ይታያል። በዚያ ላይ የደጋው ፀሐይ አለ። ለምሳሌ ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ12 ዲግሪ ጥቂት ያለፈ ቦታ ላይ ስለሆነች፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ግድም ፀሐይ በእኩለ ቀን ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ያን ሰዓት የተቀረጸ ሰው ዓይኑ ጥቁር ጉድጓድ፣ ግንባሩ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ባለሙያው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ጧትና ማታን ይጠብቃል፣ ካልሆነም በሰፊ ነጭ ጨርቅ ፀሐዩን ያለሰልሳል፣ በመብራት ጥላውን ይሞላል። ሁለት ሳምንት ብቻ ያለው ተማሪ ግን ፀሐይን ቀጠሮ ሊያስይዛት አይችልም።

ታዲያ የፊልሙ ምስል ለምን ደካማ አይመስልም? መልሱ ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ይርቃል። ገበሬው ከበሬዎቹ ጋር ከሩቅ በረጅም ሌንስ ይታያል፤ ረጅም ሌንስ ደግሞ ቅርብና ሩቁን ስለሚያጣብቅ ሰው፣ በሬና ተራራ አንድ ግድግዳ ላይ የተሳሉ ይመስላሉ። የሚሄደው ሰው የሚቀርብም የሚርቅም አይመስልም፤ እየሄደ የቆመ ይመስላል። ሦስት ሺህ ዓመት የሚለውን ርዕስ ከቃል በላይ የሚያስረዳው ይህ ነው። በዚያ ርቀት የፊት ላይ ጥላ አያስጨንቅም። የሚያስፈልገው የሰውነት አቋም፣ የዱላው አያያዝ፣ የአጎንባሹና የተቀማጩ ልዩነት ነው። የፀሐዩም ጭካኔ በጥቁርና ነጭ ጊዜ ጉዳት ሳይሆን ባሕርይ ይሆናል።

ጥቁርና ነጩ ሌላም ነገር አትርፏል። በዚያ ዘመን የነበረው ባለ ቀለም ፊልም ለጥቁር ሰው ቆዳ የተሰናዳ አልነበረም፤ ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መለኪያ ናሙና፣ «ሸርሊ» የሚሉት ካርድ፣ ለረጅም ዘመን የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። በዚያው በ1974 ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን በቀለም ሠርቶ ለኢትዮጵያ ሲኒማ አዲስ ነገር አምጥቷል። ለገበያና ለሲኒማ ቤት ያ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ተማሪው ግን ቀለሙን በማጣቱ የተጎዳ አይመስልም።

የ«ምርት» የካሜራ ባለሙያ ማን እንደሆነ ማወቅ ያስገርማል። ኤልዮት ዴቪስ ይባላል። ከዓመታት በኋላ በሆሊውድ ለስቲቨን ሶደርበርግ «አውት ኦቭ ሳይት»ን፣ በ2008 ደግሞ በዓለም ዙሪያ ወጣቶችን ያሰለፈውን የቫምፓየር ፊልም «ትዋይላይት»ን ቀረጸ። ስለዚህ በተማሪው ፊልም ውስጥ የጎደለ ነገር ካለ የጎደለው ዓይን አልነበረም።

ወደ ድምፁ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፣ ደግሞም ይጣፍጣል። የሆሊውድ ድምፅ ሕግ ቀላል ነው። ንግግር ከሁሉም በላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከሥሩ የአካባቢው ድምፅ ይተኛል፤ ሙዚቃው ተመልካቹ ምን እንዲሰማው እንደሚፈለግ ይነግረዋል። የጎደለው የእግር ኮቴ፣ የበር ድምፅ፣ የልብስ ኮሽታ «ፎሊ» በሚሉት ስልት ስቱዲዮ ውስጥ ተሠርቶ ይገባል። ሁሉም ነገር የሚታየውን ያረጋግጣል። «ምርት» ይህን ሕግ ይጥሰዋል። የባለርስቱ ድምፅ ሰውየው በማይታይበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል፤ ካሜራው ሜዳው ላይ ትንንሽ የሆኑትን ጭሰኞች እያሳየ ትእዛዙና ስድቡ ግን ጆሮ ሥር የሚጮህ ያህል ይቀርባል። በተራ ሙያ ዓይን ይህ ስህተት ነው፤ ሩቅ ሰው በሩቅ መሰማት አለበት። እዚህ ግን ሥልጣን ማለት ምን እንደሆነ የሚያስረዳው ይኸው አለመጣጣም ነው፤ ገበሬው ከዓይን ቢሰወርም ከድምፁ አያመልጥም።

ንግግር የሌለባቸው ረጃጅም ክፍሎችም አሉ። እርሻ፣ ጅራፍ፣ ወፍ፣ ነፋስ። ገበሬዎቹ በሬ ሆነው ተጠምደው የሚታዩበት የቅዠት ትዕይንት እንኳ የሚያስደነግጠው ሙዚቃ ስላስፈራራን አይደለም፤ ከቀኑ ሥራ ብዙም ስለማይለይ ነው። ከበበ ሲናገር ደግሞ ንግግሩ እንደ ፊልም ውይይት ሳይሆን መንገድ ላይ ቆሞ ሕዝብን እንደሚወቅስ ሰው ጩኸት ይወርዳል፤ ቃሉ እሱ ከሄደ በኋላም በሌሎች ሰዎች ምስል ላይ ይቀጥላል። የአባት የገሪማ ታፈረ ቴአትር፣ የሎስ አንጀለሱ ድምፅ አልባ ሱፐር 8፣ የኩባው ክርክር እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ፊልሙ ያለ ጉድለት ነው ማለት ለተማሪ ፊልም ውለታ አይሆንም። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ አንዳንድ ትዕይንት ትርጉሙን ከጨረሰ በኋላም መቆየቱን ይቀጥላል። ባለርስቱ ከክፋት ሌላ ምንም የተሰጠው አይመስልም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የቀረጸውን ሁሉ ይወደዋል፣ መቁረጥ ያመዋል። ይህ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከባለሙያ ሊማሩት የሚገባ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ኃይሌ ለረጅም ዘመን በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1993 «ሳንኮፋ»ን አወጡ። አከፋፋይ ሲጠፋ ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ አሳዩት። «ጤዛ» እስኪያልቅ 14 ዓመት እንደፈጀ ይነገራል። ጀግናው አንበርብር በጀርመን የሕክምና ምርምር ያጠና፣ አብዮቱን አምኖ የተመለሰ፣ ጓደኛውን ያጣ፣ በምሥራቅ ጀርመን በዘረኞች ተደብድቦ አካሉ የጎደለ ሰው ነው። በ1990 በጣና ዳርቻ ወዳለ የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። አሮጊት እናቱ ይቀበሉታል፤ የመንደሩ ወንዶች ልጆች በግድ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ተራራው ላይ የጣሊያን ዘመን ሐውልት ይታያል።

ምስሉ አሁን ሌላ ነው። ካሜራውን የያዘው ጣሊያናዊው ማሪዮ ማሲኒ ነው። የጣና ውኃ፣ የጧት ጭጋግ፣ በእሳት ብርሃን የተገለጠ የእናት ፊት፤ ጥቁር ቆዳ በጨለማ ውስጥ ሳይጠፋ ይታያል። ይህ ጊዜ፣ መብራትና ጥሩ ላቦራቶሪ የሚሰጡት ነገር ነው። ግን ማሲኒ በዓለም የታወቀበት የታቪያኒ ወንድማማቾች ፊልም «አባት ጌታ»፣ በ1977 በካን የፓልም ዶርን ሽልማት ያገኘው፣ ለቴሌቪዥን በ16 ሚሊ ሜትር ተቀርጾ በኋላ የተነፋ ነው፤ እሱም ስለ እረኞች፣ እሱም በድምፅ አጠቃቀሙ የሚነሣ። የተማሪው ፊልም ቀራጭ ሆሊውድ ገባ፤ የባለሙያው ፊልም ቀራጭ ደግሞ ስሙን ያገኘው በተማሪዎች ጥብጣብ ነው። ድንበሩ የሚመስለንን ያህል ጠንካራ አይደለም።

በ«ጤዛ» ድምፅ ውስጥ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍንና አሜሪካዊው የፒያኖ ሰው ቪጄይ አየር ሙዚቃ አለ። ማጀቢያው ጣልቃ የሚገባው ግን አንበርብርን ለማባበል አይደለም። ሰውየው ትዝታው ተቆራርጦበታል፤ ያለፈው ዘመን መጀመሪያ በጆሮው ይመጣል፣ ምስሉ ኋላ ይከተላል። ይህ የዚያ የሱፐር 8 ተማሪ ልማድ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ድምፁ ጥርት ብሎ የተቀዳና በጥንቃቄ የተደባለቀ መሆኑ ነው። ፊልሙ የሚደክመው የውጭ ቋንቋ በሚነገርባቸው የጀርመን ክፍሎች ነው። እዚያ ሰዎቹ አቋማቸውን ለተመልካች የሚያነቡ ይመስላሉ። መንደሩ ውስጥ እናትዮዋ ዝም ብለው ሲያዩት የሚባለው ነገር፣ ጀርመን ውስጥ በአሥር ዓረፍተ ነገር አይባልም።

«ጤዛ» በቬኒስ በታየበት በ2008 ካኖን አምስት ዲ ማርክ ሁለት የተባለው የፎቶ ካሜራ ይፋ ሆነ። በትልቅ ዳሳሽ ቪዲዮ የሚቀርጽ፣ ዋጋው ከሲኒማ ካሜራ ጋር የማይወዳደር መሣሪያ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ሾን ቤከር «ታንጀሪን»ን በአይፎን ቀርጾ በሲኒማ ቤት አሳየ። ዛሬ ጎንደር ላይ የፋሲል ግንብን የሚቀርጽ ተማሪ ደብዛዛ ጀርባ፣ ለስላሳ ቀለም፣ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ከፈለገ በኪሱ አለለት። በምስል ረገድ ተማሪና ባለሙያን የሚለየው መሣሪያ መሆኑ አብቅቷል። የቀረው ልዩነት ቀረጻን መጠበቅና መቁረጥ ነው፤ ከዚያም ድምፅ።

ድምፅ ላይ ያለው ክፍተት አልጠበበም። በጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚነሡትን የስልክ ቀረጻዎች ማድመጥ ይበቃል። ስልኩ የድምፁን መጠን ራሱ ስለሚያስተካክል ከበሮው በተመታ ቁጥር ሁሉንም ነገር ወደ ታች ይደፍቀዋል፤ ምቱ ሲያርፍ ደግሞ የሕዝቡን ሹክሹክታ ጎትቶ ያወጣዋል። ጽናጽሉ ይሰነጠቃል፤ የካህናቱ ዜማ በማዕበል ላይ እንዳለ ጀልባ ይወጣል ይወርዳል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ አውቶማቲኩን ማጥፋት፣ ለከፍተኛው ምት ቦታ ትቶ ዝቅ አድርጎ መቅዳት፣ ከካሜራው የተለየ አነስተኛ መቅጃ ከዘማሪዎቹ ቀረብ አድርጎ ማኖር።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ ሌላ ጠላት አለ፤ ነፋስ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ትበልጣለች፤ ነፋስ የማይክን ስስ ቆዳ በቀጥታ ሲመታው የሚወጣው ጉርምርምታ የነፋስ ድምፅ አይደለም፣ የተመታ መሣሪያ ድምፅ ነው። ባለሙያ የድምፅ ሰው ማይኩን ጠጉራም ልባስ አልብሶ፣ ቡም በሚሉት ዘንግ ከተናጋሪው አናት በላይ ያንጠለጥለዋል፤ ከዚያ እውነተኛውን ነፋስ፣ በሣርና በዛፍ ላይ የሚያልፈውን፣ ለብቻው ይቀዳል። ንግግሩ በንጽሕና፣ ነፋሱ በንጽሕና፤ ቅልቅሉ ኋላ ይመጣል። ተማሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተበላሸውን ድምፅ በዋሽንት ወይም በማሲንቆ ይሸፍነዋል። ያ ሙዚቃ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ በየፊልሙ ያለ ምክንያት ሲገባ ደጋው ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል።

ኃይሌ ገሪማ ካሳዩት የሚወሰደው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በመሣሪያ እጦት የተበላሸ ድምፅና ከምስሉ ሆን ተብሎ የተለየ ድምፅ ላልለመደ ጆሮ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ደግሞ በመደጋገሙ ነው፤ የባለርስቱ ቃል ፊልሙን በሙሉ ከቅርብ ስለሚሰማ ሕግ ይሆናል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢከሰት ኖሮ ስህተት ነበር። ተማሪዎች ሳይታሰብ የሚመጣውን የድምፅ ጉድለት ለመቀነስ የሚረዳ አንድ ቀላል ሥራ አላቸው፤ ባለሙያዎች በየቦታው ያደርጉታል። ቀረጻው ሲያልቅ ማንም ሳይንቀሳቀስ የቦታውን ባዶ ድምፅ አንድ ደቂቃ መቅዳት። ያ ደቂቃ ከሌለ በቅንብር ጊዜ በሁለት ንግግሮች መካከል የሚፈጠረው ቀዳዳ ጆሮን ይቆረቁራል።

የመጨረሻው ጉዳይ የማዳመጫው ነው። «ምርት» በሲኒማ አዳራሽ እንዲሰማ የተሠራ ነው፤ የቦሎኛ የፊልም ቤተ መዛግብት ካደሰው በኋላም በዚያው መንገድ ሲታይ ነው ድምፁ ሙሉ የሚሆነው። የዛሬ ተማሪ ሥራ ግን አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ያ ትንሽ ማጉያ የከበሮን ወፍራም ድምፅ ጨርሶ አያወጣውም፣ የሚያወጣው የቆዳውን ጠቅታ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅ ቀላቃዮች ሥራቸውን ከማስረከባቸው በፊት በትልቁ ማጉያም፣ በጆሮ ማዳመጫም፣ በርካሽ ስልክም ያዳምጡታል፤ በስልኩ ላይ የጠፋውን ከበሮ ከፍ ካለው የድምፁ ክፍል ጥቂት ጨምረውለት ይመልሱታል።